ባዶ የተውኩት ዓምድ

ኮንትራታቸው ታደሰ!

ዜናውን ያነበብኩት ሚኒሶታ፣ ኢገን በምትባለው የምንኖርባት ከተማ ውስጥ፣ ከሱፐርማርኬት ደጅ በቆመች መኪናችን ውስጥ፣ የእንቁላል ካርቶን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነው። ኢሜሉን አንድ ጊዜ ጨረስኩት። ደግሜ ላንብበው ስል ጩኸቴ ቀደመኝ። ሞተር ልታስነሳ የነበረችው እናቴ ደንግጣ እጇን ከመሪው ላይ አነሳች።

«ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እማዬ! ፕሮፌሰሯ አልተሰናበቱም! ኮንትራታቸው ታደሰ!»

«የታሪክ አስተማሪዋ?»

«አዎ፣ እሳቸው!»

«አልሐምዱሊላህ።» ሞተሩን አስነሳች። ከፓርኪንጉ ሳንወጣ ግን ዞር ብላ አየችኝ። «እኔን አምና የምሠራበት የአዛውንቶች መጦሪያ ቋሚ ሲያደርገኝ ‹ኦኬ› ነበር ያልሽኝ። ስልክሽን እንኳ አላስቀመጥሽም።»

«እማዬ ደግሞ!»

«አይ፣ እንዲያው ለማስታወስ ያህል ነው።»

ሁለት እንቁላል ተሰብሮ ሱሪዬን አርሶታል። ቤት እስክንደርስ አላስተዋልኩትም። ዕቃውን ሳናስገባ ነው ይህን መጻፍ የጀመርኩት። ድሮ ቢሆን «እኔ ማን ሆኜ ነው የምጽፈው» ብዬ እተወው ነበር። ዘንድሮ ግን ያየሁትን መጻፍ ተምሬያለሁ፤ የተማርኩት ደግሞ በስሕተት ነው።

እኔ የፕሮፌሰሯ ተማሪ ሆኜ አላውቅም። ይሄን ለሰው ማስረዳት ሁሌ ይቸግረኛል። የምማረው ሴንት ፖል ውስጥ፣ ከስኔሊንግ አቨኒው በእግር በሚደረስ ትንሽ ኮሌጅ ነው። ትንሽ ስለሆነ ሁሉም ሰው ይተያያል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ልጅ ካለ ብዙ ነው። ነርስ መሆን የምትፈልገውም ታሪክ ትማራለች፣ ገጣሚ መሆን የሚፈልገውም ሒሳብ ይማራል፤ እንዲህ ዓይነት ኮሌጅ ነው። እኔ ነርስ መሆን ከምትፈልገው ወገን ነኝ። ማለቴ፣ እናቴ ነች የምትፈልገው፤ እኔም እየለመድኩት ነው።

ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር ምድር ቤት ውስጥ አንድ ቢሮ አለ። ሥራው መምህራን የተሻለ እንዲያስተምሩ መርዳት ነው። እዚያ የሄድኩት መጽሐፍ መደርደር የሚባል የተማሪ ሥራ ፍለጋ ነበር፤ በር ተሳስቼ። የቢሮው ኃላፊ፣ ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሴት፣ «መጽሐፍ ድርደራው ፎቅ ላይ ነው። እኛ ጋ ግን ዝም ብሎ የሚያይ ሰው እንፈልጋለን» አሉኝ። ዝም ማለት ከሆነ ከእኔ የሚበልጥ አታገኙም ብዬ ፈረምኩ።

ለእናቴ ስነግራት ሳቀች።

«አስተማሪን የሚያስተምር ደግሞ ማነው?»

«እኔ።»

«ወይ ጉድ! አልጋሽን ማንጠፍ ያቃተሽ ልጅ!»

ሥራው እንዲህ ነው። ራሱ መምህሩ «ክፍሌ መጥተሽ እይልኝ» ብሎ ይጠይቃል። ለእኔ የደረሱኝ የታሪክ ፕሮፌሰሯ ናቸው። እኔ በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከኋላ እቀመጣለሁ። ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች በመስመር ለሁለት እከፍላለሁ። በግራው ዓምድ መምህሯ የሚያደርጉትን፣ በቀኙ ተማሪዎቹ የሚያደርጉትን እጽፋለሁ። ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው አይባልም፤ የታየው ብቻ ነው የሚጻፈው። ሐሙስ ሐሙስ ወረቀቱን ይዤ ቢሯቸው እሄዳለሁ። ከእሳቸው በቀር ማንም አያየውም፤ የቢሮው ኃላፊም ቢሆኑ።

«አንድ ነገር ደግሞ» አሉኝ ኃላፊዋ፣ «የክፍሉ ተማሪ አይደለሽም። እጅሽን አታወጪም።»

ይሄ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ፕሮፌሰሯ ገና ወጣት ናቸው። ካርታዎቻቸውን ጠቅልለው ጃንጥላ ማስቀመጫ ውስጥ አቁመዋቸዋል። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ ሁሉም ተማሪ በስማቸው ነው የሚጠራቸው፤ እኔ ግን አፌ እምቢ አለኝ። በመጀመሪያው ሐሙስ በሩን ዘግተው፣ ምንም ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ።

«እዚህ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ዘንድሮ ሴሚስተሩ ከማለቁ በፊት ሁለት አንጋፋ መምህራን መጥተው አንቺ የምትቀመጪበት ይቀመጣሉ። የሚያዩት ካላማራቸው ካርታዬን ሸክፌ እሄዳለሁ። አምና ተማሪዎቼ ‹ለራሷ ነው የምታስተምረው› ብለው ጽፈውብኛል። ለምን እንዳሉ አልገባኝም። እነዚያ ሰዎች ከማየታቸው በፊት አንቺ እይልኝ።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ክፍላቸው ስለ ወንዝና ስለ ከተማ ነው፤ ሰዎች ለምን እዚህ ሰፈሩ፣ ለምን እዚያ አልሰፈሩም የሚል። ሲናገሩ ደግሞ! በየቀኑ በመኪና የማልፍበትን ድልድይ፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው አስመሰሉብኝ። የግራው ዓምዴ ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞረ።

በሁለተኛው ማክሰኞ አንድ ጥያቄ ጠየቁ። «ለምንድነው ሁለት ከተማ የሆኑት? ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል እንዲህ ተጎራብተው ለምን አንድ አልሆኑም?»

አውቀዋለሁ! ማለቴ መጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ የመጣሁት ከደሴ ስለሆነ ነው። ደሴ ተራራው መሐል ናት፣ ኮምቦልቻ ታች ሜዳው ላይ፤ ሜዳ የሚፈልገው ፋብሪካም አውሮፕላን ማረፊያም ኮምቦልቻ ወረደ። ሁለት ከተማ ጎን ለጎን የሚኖሩት መሬቱ ለየራሳቸው ሥራ ስለሰጣቸው ነው ልል እጄ ተነሳ። መልሼ ጭኔ ሥር ከተትኩት፤ ቁጭ አልኩበት።

ግን እጄን ባወጣም አልደርስም ነበር። ፕሮፌሰሯ ጥያቄውን ተናግረው፣ ዓይናቸውን አንዴ ክፍሉ ላይ አዙረው፣ መልሱን ራሳቸው መለሱት። መርከቦቹ በወንዙ ከሴንት ፖል በላይ መውጣት አይችሉም ነበር፤ ሚኒያፖሊስ ደግሞ ወፍጮ የሚያዞር ፏፏቴ ነበራት፤ አለቀ። ወደሚቀጥለው ጥያቄ። እሱንም ራሳቸው መለሱት። ሦስተኛውንም።

ከኋላ ስለሆንኩ ሁሉም ይታየኛል። አንዱ ላፕቶፑ ላይ ጫማ ይመርጣል። አንዱ የሁዲውን ቆብ አፍንጫው ድረስ ስቦ ተኝቷል። ሁለት ልጆች በአንድ ስልክ ይሳሳቃሉ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ልትናገር አፏን ትከፍትና ትዘጋዋለች፤ ትከፍትና ትዘጋዋለች።

በቀኙ ዓምድ «ያዳምጣሉ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በታች ባዶ።

የክፋት አልነበረም። እኔ ያደግሁት ሐሜት የወንድምን ሥጋ መብላት ነው እየተባልኩ ነው። አስተማሪ ደግሞ እንደ ወላጅ ነው፤ ቁርኣን የሚያስቀሩን ሼህ ሲሳሳቱ እንኳ መሬት መሬት ነበር የምናየው። አሁን ተነስቼ የእኝህን ደግ ሴትዮ ጉድለት በወረቀት ላሰፍር? ልጆቹንስ ላሳብቅባቸው? በየሐሙሱ ሄጄ «ካርታው ደስ ይላል፣ ድምፅዎ ይሰማል» እላለሁ። «ልጆቹስ?» ይሉኛል፣ እስክሪብቷቸውን ይዘው። «ያዳምጣሉ።» እሳቸውም ይጽፉታል። ስድስት ሳምንት እንዲህ አለፈ፤ በየሳምንቱም ለዚያ ክፍል ያለኝ ናፍቆት ባሰብኝ። ውስጡ ተቀምጬ ይናፍቀኝ ነበር። እንዲህ ይሆናል? ሆነ እንጂ። ባዮሎጂ ክፍሌ ውስጥ እጅ ማውጣት እየተፈቀደልኝ አላወጣም፤ እዚያ ተከልክዬ እጄ አልቀመጥ አለኝ።

በሰባተኛው ሳምንት የቢሮው ኃላፊ ክፍሉ መጡ። ሴሚስተሩ ሲጋመስ የሚያደርጉት ልማድ አላቸው፤ መምህሩ ይወጣል፣ ተማሪዎቹ አራት አራት ሆነው ምን እንደሚረዳቸው፣ ምን እንደሚያስቸግራቸው ያወራሉ፣ ኃላፊዋ ስም ሳይጠሩ ጨምቀው ለመምህሩ ይሰጣሉ። ፕሮፌሰሯ ፈገግ ብለው ወጡ። በሩ ሲዘጋ ፊቴ በእሳት የተለበለበ መሰለኝ። ሰው አስወጥቶ ማውራት! ያውም ተጋብዞ!

ልጆቹ ግን አልራሩም።

«ይጠይቁና ራሳቸው ይመልሳሉ።»

«የኛን ሐሳብ አይፈልጉትም። ሬዲዮ ነው የምሰማ የሚመስለኝ።»

«ጥሩ ሬዲዮ ነው ግን» አለ ባለሁዲው፤ ሳቁ። «እኔ ልተወው ነው ክፍሉን፤ ድሮፕ ማድረጊያው ቀን ሳያልፍ።»

ሐሙስ ስገባ ፕሮፌሰሯ የኃላፊዋን ወረቀት ዴስካቸው ላይ ዘርግተዋል። ከጎኑ የእኔን ስድስት ወረቀቶች በተራ አስቀምጠዋል። የግራው ሁሉ ጥቁር በጥቁር። የቀኙ ሁሉ አንዳንድ ቃል፣ ከዚያ ነጭ።

«አንቺ ስድስት ሳምንት እዚያ ነበርሽ» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «አላየሽውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ሰዎቹ ሊመጡ ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ለማስተካከል ስድስት ሳምንት ነበረኝ እኮ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ከሥራ ወጥታ፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ስኔሊንግ ላይ ወሰደችኝ። መቀመጫ ቀበቶዬን ሳላስር አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ሁለት የትራፊክ መብራት አለፈችና፣

«ሐሜት ማለት ምንድነው?» አለችኝ።

«ሰውን በሌለበት ማንሳት።»

«ሴትዮዋ ፊትሽ ተቀምጣ ‹ንገሪኝ› እያለችሽ፣ የቱ ጋ ነው ሐሜቱ?»

ቀበቶዬን አሰርኩ።

«ከሐሜት ስትሸሺ ውሸት ውስጥ ነው የገባሽው። ‹ያዳምጣሉ› ብለሽ ጽፈሻል አላልሽም? ተኝተው?»

«እማዬ በቃ...»

«ቆይ ልጨርስ። እኔ ሥራ ስጀምር አዛውንቶቹን ከአልጋ ሳነሳ ዋናዋ ነርስ ቆማ ታየኝ ነበር። አንድ ቀን ሰው ፊት ‹በወገብሽ አታንሺ፣ ጉልበትሽን እጠፊ› አለችኝ። እንዴት እንዳፈርኩ! ሳምንት ሙሉ ጠመድኳት። ባትነግረኝ ኖሮ ግን ዛሬ እኔም እዚያው ቤት አልጋ ይዤ ነበር።» መሪዋን መታ መታ አደረገች። «አብሽሪ። ሄደሽ ንገሪያት። በአደብ፤ ግን ሁሉንም።»

በቀጣዩ ማክሰኞ የቀኙን ዓምድ ሞላሁት። የልጆቹን ስም አላነሳሁም፤ ግን ሁሉንም ጻፍኩ። በስልኬ ሰከንድ ለካሁ። ሐሙስ በሩን ዘግቼ፣ ዓይናቸውን ላለማየት ወረቀቱን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው።

«በአሥረኛው ደቂቃ ጠየቁ። ሁለት ሰከንድ። ራስዎ መለሱ። መስኮት ጋ ያለችው አፏን ከፍታ ነበር፤ ዘጋችው። በአሥራ ስምንተኛው ደቂቃ ጠየቁ። አንድ ሰከንድ ተኩል። ራስዎ መለሱ። ባለሁዲው ተኛ። በሃያ ሁለተኛው...»

«አንድ ሰከንድ ተኩል?»

«በስልኬ ለክቼዋለሁ።»

ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ዝም ሲሉኝ የጠሉኝ ይመስለኛል» አሉ ቀስ ብለው። «ዝምታው ስለሚያስፈራኝ ነው የምሞላው።»

ያን ጊዜ ነው ወረቀቱን ያወረድኩት። «እኔ ሃይስኩልን በሙሉ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ» አልኳቸው። «ጠልቼ አይደለም። ጥያቄው ሲመጣ መጀመሪያ በአማርኛ አስበዋለሁ። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ እወስደዋለሁ። ከዚያ ይስቁብኝ ይሆን እላለሁ። እጄን ላወጣ ስል መምህሩ ሌላ ክፍለ ዘመን ውስጥ ገብቷል። የሚጠብቀኝ ሰው አግኝቼ አላውቅም።»

እንዲህ ረጅም ነገር በእንግሊዝኛ ተናግሬ አላውቅም ነበር። እሳቸውም አላቋረጡኝም።

«ስንት ሰከንድ ይበቃሽ ነበር?»

«አሥር?»

«አሥር! ክፍል ውስጥ አሥር ሰከንድ ምን ያህል እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዘላለም ነው!»

«ይሞክሩት።»

ተነሥተው ቆሙ፤ እኔ ብቻ የክፍሉ ተማሪ ሆንኩ። ያንኑ የሁለቱን ከተሞች ጥያቄ ጠየቁኝ። በአራተኛው ሰከንድ «ምክንያቱም መርከቦቹ...» ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ሳላውቀው እኮ ነው!» እንደገና። በስድስተኛው አመለጣቸው። በሦስተኛው ሙከራ ውኃ አንሥተው ቀስ ብለው ጠጡ፤ ሲጠጡ መናገር አይቻልም፤ ዘዴውን እዚያው አገኙት። እኔም የደሴንና የኮምቦልቻን ነገር፣ ተራራውንም ሜዳውንም ነገርኳቸው። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጻፉት። እኔ ያልኩትን፣ ፕሮፌሰር፣ በእስክሪብቶ!

ማክሰኞ ክፍል ውስጥ ጠየቁና ውኃቸውን አነሡ። ዝም። አምስት። ስድስት። ልጆቹ ምን ተፈጠረ ብለው ከስልካቸው ቀና አሉ። ስምንት። መስኮት ጋ ያለችው ልጅ አፏን ከፈተች፤ አልዘጋችውም። ተናገረች። ባለሁዲው፣ ክፍሉን ሳይተው የቀረው፣ «አይመስለኝም» አላት፤ እሷም መለሰችለት፤ ሦስተኛ ሰው ገባበት። ፕሮፌሰሯ ብርጭቋቸውን ይዘው እንደቆሙ ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ አዩ።

የቀኙ ዓምድ አልበቃኝም። ደስ ብሎኛል፤ ደግሞ እንዴት እንደቀናሁ! ለሁሉም ይጠበቃል፤ ለእኔ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ የሚጠበቅ ነገር የለም። እኔ የምጽፈው ነኝ።

ሁለቱ አንጋፋ መምህራን በመጡበት ቀን እንዳልገባ ተነገረኝ፤ ወንበሬ ላይ የሚቀመጡት እነሱ ናቸው። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ባዮሎጂ ከፈትኩ። ሰዓቱ እስኪያልቅ አንድ ገጽ አልገለጥኩም። በኋላ ኮሪደር ላይ ሳገኛቸው «እንዴት ነበር?» አልኳቸው። «አንድ ጊዜ ራሴ መለስኩ» አሉኝ። «አንድ ጊዜ ብቻ።» ከዚያ በላይ እሳቸውም አያውቁም፤ ውሳኔው ገና ነው።

ሴሚስተሩ አለቀ፤ ሥራዬም አለቀ። ትምህርት የተዘጋበትን ሰመር ሚኒያፖሊስ፣ ሌክ ስትሪት ላይ አክስቴ ሱቅ ውስጥ ሻሽ እሸጣለሁ። ማክሰኞ ሲሆን ግን አንድ ነገሬ የጎደለ ይመስለኛል። ሰዓቱ ሲደርስ «አሁን ካርታውን ይሰቅሉ ነበር» እላለሁ። ይቀጥሉ ይሆን? ወይስ እዚያ ቢሮ ሌላ ሰው ሌላ ዕቃ አስገብቷል? ያ ባዶ ስድስት ሳምንት ቢያስባርራቸውስ? ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? ለማንም አልነገርኩም፤ እናቴ ግን ታውቃለች። አንዳንዴ ሥራ ስታደርሰኝ ሳልጠይቃት በስኔሊንግ፣ በኮሌጁ በኩል ዞራ ትሄዳለች፤ መንገዱ ሩቅ ነው።

አመሌም ተበላሽቷል። ለደንበኛ «የትኛውን ወደዱት?» እልና ዝም ብዬ እጠብቃለሁ።

«ምን አፍጠሽ ታያታለሽ? አናግሪያት እንጂ!» ትለኛለች አክስቴ።

«እየጠበቅኳት ነው።»

«እስክትሄድ?»

ሴትየዋ ግን አልሄደችም። ስለ ልጇ ሠርግ አውርታ አውርታ ሦስት ሻሽ ገዛች።

እና ዛሬ ኢሜሉ መጣ። ይቆያሉ፤ ገና ለብዙ ዓመት። ከዜናው በታች የጻፉትን እንደወረደ ላስቀምጠው፦ «ትምህርት ሲከፈት አንዱን ማክሰኞ ክፍሌን ለማንም እከፍታለሁ። ኮሌጅ ረግጦ የማያውቅ ሰው ቢመጣ ደስታዬ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ያደጋችሁባት ከተማ ለምን እዚያ ቦታ ተቆረቆረች? አንቺም በዚያን ቀን ወረቀት አትያዢ። ሰው ይዘሽ ነይ።»

ይኸው ሰው እየጠራሁ ነው። ከጅማም ሁኑ ከመቀሌ፣ ከሐረርም ከጎንደርም፣ ታክሲ የምትነዱ፣ በሽተኛ የምታነሡ፣ ልጆቻችሁ በእንግሊዝኛ የሚመልሱላችሁ፤ ኑ። እንግሊዝኛው ቢሰባበር ግድ የለም፤ ያልሞላውን እኔ አስተረጉማለሁ። ቀኑ ሲቆረጥ አክስቴ ሱቅ በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ ጎራ በሉና ጠይቁኝ። መኪና የሌለው ከኢገን ከእኛ ጋር ይምጣ። እናቴ ያን ቀን ፈቃድ ልትወስድ ነው፤ «ከኋላ ሦስት ሰው ይገባል፣ ቀጭን ከሆነ አራት» ብላለች።